ሙዙን ዘለላችሁት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ እንግሊዝ የመኳንንት ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ቻትስወርዝ ላይ ስትደርሱ ሥዕሉን፣ ሐውልቱን፣ በወርቅ የተለበጠውን መስኮት ሁሉ ቆጥራችሁ ሙዙን ዘለላችሁት። የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖረው ሼፊልድ ነው። ቻትስወርዝ ከዚህ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ይዣት ሄድኩ። ቤቱ ብዙም አላስደነቃትም። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች ስታይ አማተበችና "ና እንውጣ" አለችኝ።

አትክልቱ ቦታ ስንገባ ግን ሌላ ሰው ሆነች። መስታወት ቤቱ ውስጥ አንድ የሙዝ ተክል ፊት ቆመች። ንፋስ ስለማያገኘው ቅጠሉ አልተተረተረም፤ እንደ ጃንጥላ ሙሉ ነው። ጎንበስ ብላ ግንዱን ሥሩ ድረስ አየችው። "ከሥሩ የሚበቅሉትን ልጆቹን ነቅለውለታል፣ ያውቁበታል" አለች። ቀጥላም "የኛ ሙዝ እዚህ ብርድ አገር ምን ይሠራል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሙዙ ስሙን ያገኘው እዚሁ ነው። የቤቱ ጌቶች የዴቮንሸር መስፍኖች ናቸው፤ የቤተሰብ ስማቸው ካቨንዲሽ። ዛሬ ከአገር አገር የሚሸጠው ሙዝ ከሞላ ጎደል ሁሉም ካቨንዲሽ ነው። አርባ ምንጭ በአይሱዙ የሚጫነውም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ የግቢው ዋና አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን አንድ ችግኝ አግኝቶ እሳት በሚነድለት መስታወት ቤት አሳደገው። በ1835 አበበ፤ በዓመቱ ከመቶ በላይ ፍሬ ሰጠ። መስፍኑ ደግሞ ወደ ሳሞአ ለሚሄድ ሚስዮናዊ ችግኝ ሰጠውና በፓስፊክ ደሴቶች ተዛመተ።

ፓክስተን የገበሬ ልጅ ነው። በ1826 ሥራ የጀመረበትን ቀን ራሱ ጽፎታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ደረሰ። ሰው ስላልተነሳ በር ዘሎ ገባና ግቢውን ዞረ። 12 ሰዓት ላይ ሠራተኞቹን ሥራ አስያዘ። ከዚያ ከቤቱ ኃላፊ ሴትዮና ከዘመዷ ልጅ ጋር ቁርስ በላ። ልጅቷን ወደዳት፣ ወደደችው። 3 ሰዓት ገና አልሞላም! በዓመቱ ተጋቡ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ይመጣሉ ሲባል ኮረብታው ላይ ሐይቅ አስቆፍሮ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ግፊት ብቻ ውኃ ወደ ሰማይ የሚተፋ ፏፏቴ የሠራውም እሱ ነው። በ1844 አለቀ። ንጉሡ ቀሩ፤ ፏፏቴው ግን እስከ ዛሬ "ኢምፐረር"፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥት፣ ይባላል።

ታዲያ ሙዙ ለምን "ፓክስተን" አልተባለም? ይህን ስነግራት እናቴ "የለፋው ሌላ፣ የተጠራው ሌላ" አለችና መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ስነጫነጭ ነበር።

ለመሄድ ላሰበ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ዙሪያውን ያለው ሰፊ ሜዳና ወንዙ ዳር በእግር ለሚሄድ ሰው በነፃ ነው። ለቤቱና ለአትክልቱ ቦታ ግን ትኬት ይቆረጣል። እኔ ብሆን ከአትክልቱ እጀምራለሁ፣ ቤቱን እግር ሲዝል እገባበታለሁ። እናንተም ጽሑፉን ደግማችሁ ካወጣችሁት ስለ ሙዙ ሁለት መስመር ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአርባ ምንጩ አንባቢያችሁ፣ ከሼፊልድ