ከተሻላቸው በኋላ ስላለው ጊዜ

ሐዋሳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ አባትሽም ከጉንፋኑ ተሽሎታል።

የስፔሻሊቲ ትምህርትሽን ስትጨርሺ ወደ ሐዋሳ ተመልሰሽ፣ ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታው የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ለጀመራቸው ታዳጊዎች የሚሆን የክትትል አገልግሎት ለማቋቋም ያዘጋጀሽውን ዕቅድ ደጋግሜ አነበብሁት። ሕመሙን ቶሎ ደርሶ ስለ ማግኘት በሰፊው ጽፈሻል፤ ልጁ ከተሻለው በኋላ ስላለው ጊዜ ግን ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። በሳይካትሪ ነርስነት ካገለገልሁበት ዘመን ተነሥቼ የምነግርሽ፣ ከገጾችሽ የሚበዙት ለዚህኛው ጊዜ መሆን እንደሚገባቸው ነው።

ቶሎ ማግኘት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ሕመሙ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ማገገሙ እንደሚከብድ አንቺ ከእኔ ይልቅ በጥናት ታውቂዋለሽ፤ በቡታጅራ በተደረገው ሰፊ ጥናት ስኪዞፍሬንያ (ረጅም ጊዜ የሚቆየው የሳይኮሲስ ሕመም) ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁም ታስታውሻለሽ። ሆኖም የጠቀስሽውን የኖርዌይ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ጻፊው። በሮጋላንድ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በትምህርት ቤቶች ሕዝቡን በማስተማርና ፈጥነው የሚደርሱ ባለሙያዎችን በማሰማራት፣ ሕመሙ ሳይታከም የሚቆይበት መካከለኛ ጊዜ ከ26 ሳምንት ወደ 5 ሳምንት ወርዶ ነበር፤ ሕዝቡን ማስተማሩ ሲቆም ግን ወደ 15 ሳምንት ተመልሶ ወጣ። እኛም ዘንድ ባነር ሰቅሎ፣ መምህራንን ለግማሽ ቀን ሰብስቦ የሚያበቃ ሥራ የትም አያደርስም። አንድ ታዳጊ ድምፅ መስማት ሲጀምር ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያማክረው የጸበሉን አገልጋዮች ወይም የጸሎት ቤቱን ሰዎች ስለሆነ፣ እነርሱ ስልክሽን ይያዙ፣ አንቺም በየጊዜው ጠይቂያቸው። ጸበሉን ተዉ አትበያቸው፤ ልጁ እንዳይታሰር፣ ምግብ እንዳይከለከልና መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ከተስማማችሁ ይበቃል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጻፍሽው መልካም ነው። ወባን፣ ታይፎይድን፣ የሚጥል በሽታንና ጫትን ሳያጣሩ የሕመም ስም ለመስጠት አለመቸኮልሽንም ወድጄዋለሁ። ልጁን ግን ያለ እናቱ ለብቻው የምታነጋግሪበት ጊዜ ይኑር፤ ከዳሌ ወይም ከአለታ ወንዶ የመጣ ከሆነም በሲዳምኛ የሚጠይቀው ሰው ይቅረብለት፤ የሚያስፈራውን ነገር በሁለተኛ ቋንቋ ሲጠየቅ «ምንም የለም» ብሎ የሚያልፍ ልጅ ብዙ ነውና። የሳይኮሲስ መድኃኒት የሆነው ሃሎፔሪዶልም በዝቅተኛ መጠን ቢጀመር እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊያጣምም፣ ዐይንን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። ለአንቺ ይህ በመርፌ ቶሎ የሚለቅ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ለአያቱ ግን ርኩስ መንፈሱ ከመድኃኒቱ ጋር እየታገለ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ ከዚያች ሌሊት በኋላ ወደ አንቺ አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድምፁ ዝም ሲል፣ እንቅልፉ ሲመለስና ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ መቅረብ ሲጀምር ሁሉም ሰው እፎይ ይላል፤ ክትትሉም የሚላላው ያን ጊዜ ነው። እናቱ «ድኖልኛል» ብላ መድኃኒቱን ታስቆማለች፤ ልጁም ስለ ወፈረና ክፍል ውስጥ ስለሚያንቀላፋ ክኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋል። በእኔ ግምት የሚከፋው ግን ይህ አይደለም። አእምሮው ሲረጋጋ የሆነውን ያስታውሳል፦ በሰልፍ ላይ የጮኸውን፣ «መርዝ ልትሰጠኝ ነው» ብሎ እኅቱን የመታውን፣ የክፍል ጓደኞቹ በስልክ የቀረጹትን። «አማኑኤል የገባው» የሚል ስም ተለጥፎበት ይጠብቀዋል። (ይህን ያህል ሰው አክሞ ለቤቱ ያበቃ ሆስፒታል ስሙ ለስድብ መዋሉ ዛሬም ያናድደኛል።) ራስን የማጥፋት አደጋ የሚያሰጋው ሕመሙ በጸናበት ወቅት ብቻ ሳይሆን፣ ማስተዋሉ በተመለሰበት በዚህ ወቅትም ስለሆነ፣ «ተሽሎታል» ተብሎ ቀጠሮው የሚራራቅበት ልጅ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል።

በዴንማርክ ኦፐስ በተባለው ፕሮግራም ለሁለት ዓመት የተጠናከረ ክትትል የተደረገላቸው ወጣቶች፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መደበኛውን ሕክምና ካገኙት የተሻሉ ነበሩ፤ በአምስተኛው ዓመት ሲታዩ ግን አብዛኛው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ይህን አይቶ ልፋቱ ከንቱ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ የምረዳው ግን ድጋፉ የሚሠራው በሚሰጥበት ዘመን መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ብለሽ የጻፍሽውን ከቻልሽ ወደ አምስት አሳድጊው፤ አምስቱ ካልተፈቀደልሽም የምትቀበያቸውን ልጆች ቁጥር ቀንሺ እንጂ ዓመቱን አትቀንሺ። ለእያንዳንዱ ልጅ የማይቀያየር አንድ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር መድቢ። ቤተሰቡም የሕመሙን መመለስ የሚያውቅበትን ምልክት በራሱ አነጋገር ያስመዝግብ፤ «ሌሊት ግቢውን መዞር ጀመረ» የሚለው የእናት ቃል ከእኛ መጠይቅ ቀድሞ ይደርሳል።

ትምህርት ቤቱንም ከሕክምናው አትለይው፤ ክፍሉን የደገመ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጡን እንደ ውርደት ቆጥሮ በዚያው ሊቀር ይችላል። ከርእሰ መምህሩ ጋር የምትነጋገሪው ግን ልጁ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን። በተለይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን አስቢ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ስለሚፈተኑ፣ ልጁ ከቤቱ ርቆ፣ ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ምናልባትም ለጥናት ብሎ ጫት ቅሞ፣ ክኒኑንም ሰው እንዳያይበት ትቶ የሚሰነብትባቸው ቀናት ናቸው። መድኃኒቱ ማታ በአንድ ጊዜ እንዲወሰድ የሚቻል ከሆነ ከወራት በፊት አስተካክይለት፤ ለመግቢያው የሚያስፈልገውን የሐኪም ማስረጃም የሕመሙን ስም ሳትጠቅሺ ጻፊለት።

የተስተካከለውን ዕቅድ ስትልኪልኝ በበጀቱ ላይ የስልክ ካርድና የገጠር ቤተሰቦች ትራንስፖርት ለየብቻቸው ይግቡ፤ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ከገቡ መጀመሪያ የሚሰረዙት እነርሱ ናቸው። አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ