መዝገቡን ጀርባውን ብቻ አየን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ አለኝ። ፒያሳ ነበርኩ፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ወደዚህ መጣሁ። አቤቱታ ስጽፍ፣ ወረቀት ሳባዛ ነው የምውለው። ሕግ አልተማርኩም፤ የቀጠሮ ቀን የሰው ፊት ምን እንደሚመስል ግን አውቃለሁ።

ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ታሰረ። ከሚሠራበት መጋዘን ዕቃ ጠፋ ተብሎ ነው። የትኛው ችሎት እንደሆነ ልተወው። በ48 ሰዓት ቀረበ፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፖሊስ «ግብረ አበር ልንይዝ፣ የምስክር ቃል ልንቀበል ይቀረናል» ብሎ 14 ቀን ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። በቀጠሮው ስንመለስ ያው ጥያቄ፣ ቃል በቃል። ጠበቃው «እስካሁንስ ምን ተሠራ?» አለ። «መዝገቡ ላይ ተገልጿል» ተባለ። መርማሪው በክር የታሰረውን መዝገብ ለዳኛዋ አቀበለ። እኛ ያየነው ጀርባውን ነው። ሌላ 14 ቀን ተጨመረ።

የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 59፣ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም ይላል። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ዝም ነው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 19 ላይ ዋስትና መብት ነው፣ የሚከለከለውም በልዩ ሁኔታ ነው ይላል። «ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል» የሚለው ሥጋት በሕጉ ያለ ነው። የእኔም ሱቅ ቢዘረፍ ሌባው በማግስቱ በሬ ላይ እንዲቆም አልፈልግም። ታዲያ ሥጋቱ ከምን እንደመጣ ሳይነገረው ልጁ ምኑን ይከራከር?

በመጨረሻ በ20 ሺህ ብር ዋስ ተፈቀደ። ደመወዙ 6 ሺህ ነው። እህቴ የዕቁብ ተራ ለምና ወስዳ፣ የቀረውን ከጎረቤት ሞልታ ስትደርስ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ገንዘብ ተቀባይዋ ቆልፋ ሄዳለች። ዋስ የተፈቀደለት ልጅ ቅዳሜንና እሑድን እዚያው አሳልፎ ሰኞ ወጣ።

ማስረጃውም ላይ ያው ነው። በቀደም አንድ ጎረምሳ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እያለከለከ ገባ። የወንድሙን ክስ ማስረጃ ያኔ ነው የሰጡት፣ 64 ገጽ። ቀጠሮው 3 ሰዓት ተኩል። ለጠበቃው ሁለት ኮፒ ፈለገ። 20ኛው ገጽ ላይ መብራት ጠፋ። የቀረውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሮጠ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት መብት አለው ሲል፣ ይህን ማለቱ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፖሊስ ተጨማሪ ቀን ሲጠይቅ ባለፈው 14 ቀን የሠራውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ አንዱ ኮፒ ለተጠርጣሪው ይሰጥ። የምስክሩ ስም ለደኅንነቱ ካስፈለገ ይሸፈን። የዋሱ ልክ ሲወሰን «ደመወዝህ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። የዋስ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ችሎቱ እስኪነሳ ይቆይ። ማስረጃ ከቀጠሮው ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ ይሰጥ፤ በፍላሽም ይሁን በቴሌግራም፣ ገበያዬ ቢቀንስም ግድ የለኝም።

የእህቴ ልጅ ክስ ተመሥርቶበታል። የማስረጃ ዝርዝሩ ላይ «የመጋዘኑ ካሜራ ምስል» ይላል። ቅጂውን ሦስት ጊዜ በማመልከቻ ጠየቅን፤ ሦስቱንም እኔው ነኝ የጻፍኳቸው። እስከ ዛሬ አላየነውም፣ ቀጠሮው ደግሞ የፊታችን ማክሰኞ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈት ሥራ ባለቤት፣ ልደታ