ይድረስ ለአባዬ፦ ስለ ዓይንዎ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ስጠይቅዎት «ደህና ነኝ» ብለው ስለሚያሳጥሩብኝ መጻፍን መርጫለሁ፤ እህቴም አንድ መስመር ሳትዘል እንድታነብልዎት አደራ ብያታለሁ።

ለሁለተኛው መርፌ እንደማይመጡ ሰማሁ። «የመጀመሪያውም አላበራልኝም» ማለትዎ እውነት ነው። መርፌው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አስቀድሜ ስላላስረዳሁዎት ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚያርፍበት፣ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። መካከሉ ላይ ያለችው ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ ፊደል የምናነብባት፣ የሰው መልክ የምንለይባት ናት፤ የታመመችብዎትም እርሷ ናት። ዕድሜ ሲገፋ ከሥሯ ቢጫ ነጠብጣብ ይጠራቀማል፤ ይህ ደረቁ ዓይነት ሲሆን በቀኝ ዓይንዎ ያለው እርሱ ነው። በግራው ግን እርጥቡ መጥቷል፤ መብቀል የማይገባቸው ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ውሃና ደም ያንጠባጥባሉ፣ ካልቆመም ጠባሳ ይሆናል። መርፌው ማንጠባጠቡን ያቆማል እንጂ ጠባሳ አይፍቅም፤ ጉልበቱም በሳምንታት ውስጥ ስለሚያልቅ መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይደገማል፣ ኋላ እንደ ዓይኑ ሁኔታ ይራራቃል። የታዘዘልዎት አቫስቲን መጀመሪያ ለአንጀት ካንሰር የተሠራ መሆኑን አንብባ እህቴ ደንግጣለች። ይሁን እንጂ በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት ለዓይን ተብሎ ከተሠራው እጅግ ውድ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮት እይታን በመጠበቅ ረገድ እኩል ሆኖ አግኝቶታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያባከንነው ጊዜ ነው። ከባቲ ስንመለስ ጋቢና ተቀምጠው «ይህን ነጭ መስመር ማን አጣመመው?» ሲሉኝ መንገዱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥ ያለ ነገር ተጣሞ መታየቱ የእርጥቡ ዓይነት ዋና ምልክት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም። ከዚያም አንድ መነጽር ቤት «የዕድሜ ነው» እያለ ስምንት ወር መነጽር ሲቀያይርልን፣ ጎረቤትም ሞራ ነው ሲል ቆየን። ሞራ ቢሆን ተገፎ በሌንስ ይተካ ነበር።

ስለዚህ ቀኙን ዓይንዎን መጠበቅ አለብን። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን፣ ሁለቱን ገልጠው ሲያዩ ምንም አይታወቅዎትም። ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ባለ ትናንሽ ካሬ ወረቀት የአምስለር ሰንጠረዥ ይባላል። ጠዋት የማንበቢያ መነጽርዎን አድርገው፣ ወረቀቱን መጽሐፍ በሚይዙበት ርቀት ይዘው፣ አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ሸፍነው መካከሉ ላይ ያለችውን ነጥብ ይመልከቱ፤ ቀጥሎም ሌላውን። መስመር ከተጣመመ ወይም ቦታው ከጠፋ በዚያው ቀን ይደውሉልኝ፣ ሳምንት አያሳድሩት።

ለቀኙ የተሰጡዎት እንክብሎች ቫይታሚን ሲና ኢ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ሉቲንና ዚያዛንቲን ያለባቸው ናቸው። በሽታው መካከለኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ወደ ከፋው የመሻገር ዕድሉን በአምስት ዓመት ውስጥ በ25 በመቶ ገደማ እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል፤ የጠፋውን ግን አይመልሱም። ሲጋራ ያጨሰ ሰው ላይ የሳንባ ካንሰርን ስለሚያበዛ ቤታ ካሮቲን ያለበትን እንዳይገዙ። ከበረካ በኋላ የምትለኮሰዋ አንዲት ሲጋራም ትቅር፤ በእጃችን ካለው ሁሉ ዓይኑን አብልጦ የሚጎዳው እርሷ ናት። ጎመኑን ይብሉ። በሽታው በዘር ወደ ልጅም ሊተላለፍ ስለሚችል እኔም ዓይኔን ታይቻለሁ፤ ለአሁኑ ደህና ነው።

እህቴ ሌላም ነገር በሹክሹክታ ነግራኛለች፤ በአጥሩ ጥግ ግመሎች ተሰልፈው ያያሉ፣ ሰው «ጅን ነው» ወይም «ጃጀ» እንዳይልዎትም ሸሽገውታል። አባዬ፣ አእምሮዎ ደህና ነው። ዓይን ምስል መላክ ሲያቅተው አንጎል ባዶውን በራሱ ሥዕል ይሞላል፤ ለዚህም ነው ግመሎቹ ድምፅ የሌላቸው፣ እርስዎም እውነት አለመሆናቸውን የሚያውቁት። የጄኔቫው ሊቅ ሻርል ቦኔ በ1760 እ.ኤ.አ. ዓይናቸው የደከመ አያቱ ያዩትን እንዲሁ ጽፎ ስለነበር ነገሩ በስሙ ይጠራል። ሲመጡ ዓይንዎን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱ፣ ወይም መብራት ያብሩ፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋሉ። የአሰብን መንገድ ሰላሳ ዓመት ለተመላለሰ ሾፌር ግመል መታየቱ ግን እኔን አልገረመኝም።

ይህ በሽታ መሃሉን እንጂ ዳሩን አይወስድም። በሌሊት ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲለቅብዎት ምን ያደርጉ እንደነበር ያስታውሱ፤ ዓይንዎን ወደ አስፋልቱ ቀኝ ዳር ጥለው ያልፉት ነበር። አሁንም ሰው ፊት ላይ አትኩረው ሳይሆን ከጆሮው ጎን እያዩ መልኩን ይፈልጉት። በሕክምናውም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ቁርኣኑን ባለ ትልቅ ፊደል ገዝቼልዎታለሁ፤ መብራቱ ከትከሻዎ ኋላ ይሁን።

ረቡዕ ማታ ደሴ እገባለሁ፤ ሐሙስ ንጋት ላይ አብረን ወደ አዲስ አበባ እንወርዳለን፣ ቀጠሮው ዓርብ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ስለሚደረግልዎት መርፌው እንደ በፊቱ ቶሎ ያልፋል። ወረቀቱንም ይዘው ይምጡ፤ የተጣመመ ካዩ ቦታውን በእስክሪፕቶ ያክብቡበት።

ልጅዎ