እስክናገግም ድረስ ነው ያላችሁት?

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ወገብ ሕመም ያወጣችሁትን ዘገባ ማታ ስልኬ ላይ አነበብኩት። ደህና እየሄደ ነበር። መጨረሻው ላይ ያቺ መስመር መጣች፦ «ቫይረስ በደማቸው ያለ ሰዎች እስኪያገግሙ ድረስ ከስፖርት ቢቆጠቡ ይመረጣል።»

እስክናገግም? እኔ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። የሚያድን ነገር ተገኝቶ ከሆነ ዜናው ጭራ ላይ ባትደብቁት ጥሩ ነበር። ጉንፋን ጥሎት የሚያተኩሰው ሰው ጥቂት ቀን ይረፍ፣ እሺ። የኛ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አቡክታችሁ ጋገራችሁት።

ሥራዬ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ነው። ምጣድ ላይ ሳጎነብስ ወገቤ ለሁለት የሚሰበር ይመስለኝ ነበር። ልታከም ብሄድ ባለሙያው ካርዴን ገለጥ አደረገና «ከቫይረሱ ነው፣ ቻይው» አለኝ። ወገቤን በእጁ እንኳ አልነካም። ወገብ የሚደግፍ ቀበቶ ግዢ ተባልኩ፤ ገዛሁ።

ሌላ ቦታ ያገኘኋት ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ) ግን መጀመሪያ ጠየቀችኝ። ትኩሳት አለሽ? ሌሊት ያልብሻል? ከስተሻል? እግርሽ ይደነዝዛል? የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን ነው፤ እሱ ከተጠረጠረ ምርመራ ይቀድማል። ይህን ብትጽፉ ኖሮ እጅ እነሣ ነበር። ከዚያ ቤት ውስጥ አጎዛ ላይ የምሠራውን አሳየችኝ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት ማጠፍ፣ መቀመጫን ቀስ ብሎ ማንሣት፣ አምስት መቁጠር፣ ማውረድ። ሦስቴ ብዬ ጀመርኩ፤ አሁን አሥራ አምስት ደርሻለሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በጠዋቱ ከጋቢ ወጥቶ! ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ግን ጋግሬ ስጨርስ ቀና እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ቀበቶን አይመክርም። (የኔው ቀበቶ ዛሬ የጤፍ ጆንያ ማሰሪያ ሆኗል።) መድኃኒቱን በአግባቡ ለሚወስድና ጤናው ለተረጋጋ ሰው ስፖርት አይጎዳውም፤ ጡንቻውን ያጠነክርለታል። ብዙዎቻችን የምንወስደው ቴኖፎቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ደግሞ አጥንት ሊያሳሳ ይችላል። ታዲያ ከማንም በላይ መንቀሳቀስ ያለብን እኛ አይደለንም?

ማረፉንስ ማን ይጠላል። ወገቤ ሲያርፍ ግን ሆዴም አብሮ ያርፋል። ወይስ ጸሐፊው ምጣዱን ሊረከበኝ ነው?

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። እስክናገግም ብቻ አትጠብቁ።

ስሜ ይቆየኝ፣
ከደብረ ብርሃን