ለልጄ፦ ያንን የመጨረሻውን ምዕራፍ አትዝለዪው

የኔ ልጅ፣

ሰላም ነሽ? መልእክትሽ ደርሶኛል። ስልታዊ ነገረ መለኮት፣ ማለትም የክርስትናን ትምህርት በየርዕሱ አደራጅቶ የሚያጠናውን ትምህርት፣ መማር መጀመርሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። «ስለ ጥምቀትና ስለ ቤተ ክርስቲያን ያለው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለሆነ ብዙም አላተኩርበትም፤ ዋናው ድኅነት ነው» ብለሻል። ዋናው ድኅነት ነው ባልሽው እስማማለሁ። ግን ስለ ጥምቀት የምንለው ሁሉ የሚመነጨው ስለ ድኅነት ከምናምነው ነው።

እኛ ባፕቲስቶች፣ እምነታቸውን የመሰከሩትን ብቻ የምናጠምቅ ክርስቲያኖች፣ ስለ እግዚአብሔር አዲስ ትምህርት አላመጣንም። የ1689ኙን የባፕቲስቶች የለንደን የእምነት መግለጫ ሕፃናትን የሚያጠምቁ ወንድሞች ከሚጠቀሙበት የዌስትሚንስተር መግለጫ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ብታነቢ፣ አብዛኛው ቃል በቃል ያው ነው። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት አስበውበት ነው። ከወንድሞቻቸው ጋር ምን ያህል እንደሚስማሙ ማሳየት ፈልገዋል። ስለዚህ ሕፃናትን ከሚያጠምቁ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ጓደኞችሽን እንደ ባዕድ አትያቸው።

የምንለያየው «በአዲሱ ኪዳን ውስጥ ያለው ማን ነው?» በሚለው ላይ ነው። እነሱ ከዘፍጥረት 17 ይነሣሉ። አብርሃም ልጆቹን ገረዘ፤ ኪዳኑ አንድ ነው፤ ምልክቱ ብቻ ተለወጠ ይላሉ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ አትናቂው። ግን ኤርምያስ 31ን ተመልከቺ። እግዚአብሔር አዲሱ ኪዳን እንደ ቀድሞው እንደማይሆን ይናገራል። በቀድሞው ሰው በመወለድ ከሕዝቡ ይቆጠር ነበር። ከዚያ ባልንጀራው «እግዚአብሔርን እወቅ» እያለ ያስተምረዋል። በአዲሱ ግን «ከታናሹ ጀምሮ እስከ ታላቁ ድረስ ሁሉ ያውቁኛልና» ይላል። ሕጉ በልብ ይጻፋል፤ ኃጢአት ይቅር ይባላል። እንግዲህ ምልክቱ የሚገባው ለማን ነው? እምነቱን በአፉ ለመሰከረ ነው። በጰንጠቆስጤ ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። ቃሉን የተቀበሉ ተጠመቁ።

«የእስር ቤቱ ጠባቂስ ከነቤተ ሰቡ ተጠምቆ የለም?» ይሉሻል። የሐዋርያት ሥራ 16ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ጳውሎስና ሲላስ ቃሉን በቤቱ ላሉት ሁሉ ነገሩ። እንዲሁ ከቤተ ሰቧ ጋር በተጠመቀችው በልድያ ቤት ግን እነማን እንደነበሩ አልተጻፈም። ባልተጻፈ ነገር ላይ እኛም ሆንን እነሱ ብዙ ባንገነባ ይሻላል።

ይህ ትምህርት ለወላጅ ይከብዳል። የምትወጂው ልጅ ላይ የእምነትሽን ምልክት ማየት ያጓጓል። እኔና አባትሽ ጸለይን፣ አስተማርንሽ፣ ጠበቅን። እምነትን ግን ልንሰጥሽ አንችልም ነበር። ራስሽ መጥተሽ «መጠመቅ እፈልጋለሁ» ስትዪ፣ ቃሉ የራስሽ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጠየቅንሽ። ተናደሽብን እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁንም ቢሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደምትመራ የምናምነውም ከዚሁ ይመጣል። አባላቷ ያመኑ ከሆኑ መንፈስ ቅዱስ በሁሉም ውስጥ አለ። በማቴዎስ 18 የበደለ ወንድም ጉዳይ በመጨረሻ ወደ ጉባኤው የሚቀርበው ለዚህ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 5ም ጳውሎስ ተግሣጹን ለተሰበሰበው ምእመን ይሰጣል። መጋቢዎች ያስተምራሉ፣ ይመራሉ። ምእመኑ ግን ተመልካች አይደለም። አንዳንዶች ይህን እንደ ፖለቲካ ምርጫ ሲያደርጉት ያሳዝነኛል። ድምፅ የምንሰጠው የራሳችንን ፍላጎት ለማስፈጸም አይደለም። የክርስቶስን ፈቃድ አብረን ለመለየት ነው። ያላመኑትን አባል አድርገሽ ይህን ሥርዓት ልታቆሚው አትችዪም።

የኅሊና ነፃነትም ከዚያው ይመጣል። እምነት በመወለድ ካልመጣ በንጉሥ ትእዛዝም አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1609 አምስተርዳም ውስጥ በጆን ስሚዝ መሪነት ከተጠመቁት እንግሊዛውያን ስደተኞች አንዱ ቶማስ ሄልዊስ ነበር። በ1612 ታትሞ በወጣ ጽሑፉ የእንግሊዝ ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን እንደሌለው ተናገረ። የተከራከረው ለራሱ ወገን ብቻ አይደለም። ለአይሁድና ለሙስሊሞችም ነው። ለዚህም ለንደን ውስጥ ኒውጌት እስር ቤት ገባ። ልጄ፣ ይህን ሰው ሳስብ ልቤ ይነካል። የሌላውን ሰው ነፃነት ለማስከበር የራስን መስጠት ትልቅ ነገር ነው።

ያኔ በአምስተርዳም የተጠመቁት ውሃ በማፍሰስ እንደነበር የታሪክ ሰዎች በሰፊው ይስማማሉ። መላ ሰውነትን ማጥለቅ በግልጽ የተጻፈው ከ1689ኙ በፊት በወጣው በ1644ቱ የባፕቲስቶች የለንደን መግለጫ ነው። ማጥለቅን ማቃለሌ አይደለም። ሮሜ 6 ስለ መቀበርና ስለ መነሣት የሚለውን ከማጥለቅ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ግን «ማን ይጠመቅ?» የሚለው ጥያቄ «እንዴት?» ከሚለው ቀድሞ ነበር። አንቺም በዚያው ቅደም ተከተል ያዢው።

ክርስቶስ የሞተው ለሰው ሁሉ ነው ወይስ ለተመረጡት በሚለው ባፕቲስቶች ከጥንት ጀምሮ ሁለት ወገን ናቸው። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ለክፍል ውይይቱ ስትዘጋጂ ኤርምያስ 31ን ከዕብራውያን 8 ጋር አብረሽ አንብቢ። ጓደኞችሽ ምናልባት «ሁሉ ያውቁኛል የሚለው ሙሉ በሙሉ የሚፈጸመው ክርስቶስ ሲመለስ ነው» ይሉሻል። ካላቸው መልስ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል። ቶሎ አትመልሺላቸው። መጀመሪያ ዕብራውያን 10፥14-18ን አጥኚ። ጸሐፊው ያንኑ ተስፋ የሚጠቅሰው ስለ አሁኑ ነው ወይስ ስለሚመጣው? የደረስሽበትን ጻፊልኝ።

እናትሽ