ያልገባሽን «የስ» አትበይ

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ተሽሏታል። ጦሳ ላይ ግን ብርዱ ገና በጥቅምት ጀምሯል።

ሚጣዬ፣ እሑድ ማታ አክስትሽ ደውላ ከነገረችኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንቺ «ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነበር» ነው ያልሽኝ። አክስትሽን አትቀየሚያት፤ እኔ ነኝ አፋጥጬ ያስወጣኋት። ጉሮሮሽን አሞሽ ብቻሽን ሐኪም ዘንድ መሄድሽን ነገረችኝ። «አስተርጓሚ ይጠራልሽ?» ሲሉሽ «አያስፈልገኝም፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ» ማለትሽን ነገረችኝ። ሐኪሙ ሁሉን አስረድቶ «ገባሽ?» ሲልሽ «የስ» ብለሽ ወጣሽ። ከዚያ መድኃኒቱን በዋጥሽ በሰዓቱ ፊትሽ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮሽ በአምቡላንስ ተወሰድሽ። እናትሽ አልሰማችም። አንቺም እንዳትነግሪያት።

አሞክሳሲሊን! ልጄ፣ አሞክሳሲሊን እኮ የፔኒሲሊን ወገን ነው። ሰባት ዓመትሽ ላይ ያን መርፌ ተወግተሽ ከንፈርሽ ተነፍቶ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሽቅብ በጀርባዬ ተሸክሜሽ የሮጥኩትን፣ እናትሽ ነጠላዋ ወድቆ ሳታውቀው በባዶ እግሯ የተከተለችንን መቼም አትረሺውም። ፔኒሲሊን እንደማይስማማሽ ታውቂያለሽ። ወገኖቹን ግን እኔ አልነገርኩሽም። ሠላሳ ዓመት የመድኃኒት ግምጃ ቤት ዕቃ ያዥ ሆኜ ሠርቼ፣ ያንን ብልቃጥ በቀን ስንት ጊዜ በእጄ እያነሣሁና እያስቀመጥኩ፣ ለገዛ ልጄ ስሙን ሳልነግር ወደ አሜሪካ አሳፈርኩሽ። ይኸ የእኔ ጥፋት ነው።

የቀረው ግን ያንቺ ነው፤ ስለዚህ ስሚኝ። ያልገባሽን «የስ» አትበይ።

አክስትሽ እንደነገረችኝ ሐኪሙ የጠየቀሽ «ምንም አለርጂ የለብሽም?» ብሎ ነው። አንቺ «ኖ» አልሽው። «አይ፣ አለብኝ እንጂ» ማለትሽ ነበር። በአማርኛ ልክ ነሽ። «ምሳ አልበላሽም?» ብልሽ፣ ካልበላሽ «አዎ፣ አልበላሁም» ትዪኛለሽ፤ ከበላሽ ደግሞ «አይ፣ በልቻለሁ» ትዪኛለሽ። እኛ የምንመልሰው ለጠያቂው ነው፤ የገመተው ልክ ነው ወይስ ተሳስቷል ለሚለው። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂውን ትቶ ለነገሩ ይመልሳል። ካለ «የስ»፣ ከሌለ «ኖ» ነው፤ ጥያቄው በየትም በኩል ዞሮ ቢመጣ አይለወጥም። ሐኪሙ «ኖ» ያልሽውን ሰምቶ «የለባትም» ብሎ ጻፈ። እሱ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሐኪም ፊት «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ ብለሽ አታቁሚ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ተናገሪው፦ «አይ አም አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን ኤንድ አሞክሳሲሊን»። አሁን፣ ይኸን ደብዳቤ አስቀምጪና በወፍራም ወረቀት ላይ ጻፊው። አንዱን ቦርሳሽ ውስጥ፣ አንዱን ከመታወቂያሽ ጀርባ አድርጊ። ጨረስሽ? እሺ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ኮረም መሥራቴን ታውቂያለሽ። ለምን እንደተውኩት ግን ለእናትሽም ጨርሼ ነግሬያት አላውቅም።

1977 ዓ.ም. ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሁሉንም በአማርኛ ተምሬ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የማውቅ። በረሃቡ የተሰደደው ሕዝብ መጠለያ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ሰው ፈልጎ «እንግሊዝኛ ትችላለህ?» አሉኝ። «የስ» አልኩ። አያትሽና አክስቶችሽ በእኔ እጅ ነበሩ፤ ሌላ ምን ልበል?

የኮረምን ብርድ ያደረበት ያውቀዋል። ጠዋት ጭሱና ጉሙ ሜዳው ላይ አንድ ላይ ተኝቶ፣ ሰዉ በየጨርቁ ተጠቅልሎ፣ ከተኙት መካከል የሞቱት የሚለዩት ፀሐይ ስትወጣ ነበር። ጸሐይዋ ብቅ ስትል የሚነሣው ይነሣል፣ የማይነሣው ይቀራል።

አንዲት የውጭ አገር ነርስ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን በሻሽ የምታስር፣ እንቅልፍ የማታውቅ። አንድ ጠዋት ወደ ወልዲያ ልትወርድ መኪና እየጠበቃት፣ የዱቄት ወተቱን ከረጢት እየነካች ብዙ ነገር ነገረችኝ። ወደ ሕፃናቱ ድንኳን ትጠቁማለች፤ «ዋተር» ትላለች፣ «ኦይል» ትላለች፣ «ሹገር» ትላለች። እኔ «የስ፣ የስ» እላለሁ። አጥርቼ የሰማሁት «ሚልክ» እና «ማዘርስ» የሚሉትን ነው። ወተቱን ለእናቶች አድል ያለችኝ መሰለኝ። ያለችው ግን ተቃራኒውን ነበር። ዱቄቱን ለእናቶች በእጃቸው እንዳትሰጥ፤ እኛው ድንኳኑ ውስጥ በፈላ ውሃ፣ ከዘይትና ከስኳር ጋር በጥብጠን ነው የምናጠጣው ማለቷ ነበር። «ዶንት» የምትለው አንዲት አጭር ቃል አመለጠችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ በጣሳ እየሰፈርኩ አደልኩ። እናቶቹ ጉልበቴን እየሳሙ መረቁኝ። እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ማታ ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። እነሱ ዱቄቱን ባገኙት ውሃ በጠበጡት፤ ማገዶ ከየት አምጥተው ያፍሉት? በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተቅማጥ በያዛቸው ሕፃናት ሞላ። ስንቱ በእኔ ወተት እንደታመመ፣ ስንቱ ያው በሽታው ይዞት እንደመጣ የሚለይ የለም። እኔም እስከ ዛሬ አልለየሁም። አንዲት ሴት ግን ነበረች፣ የልጇ ዓይን አሳዝኖኝ ጣሳውን ሁለት ጊዜ የሞላሁላት። በአራተኛው ቀን ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። ክንዷ ልጅ እንዳቀፈ ታጥፎ ቀርቷል፤ ልጁ የለም።

ነርሷ ተመልሳ ባዶዎቹን ከረጢቶች አየች። አልጮኸችብኝም። ዓይን ዓይኔን አይታ «ዩ ሴድ የስ» አለችኝ። ሚጣዬ፣ በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር የገባኝ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይኸ ነው።

በሳምንቱ ሥራውን ትቼ ደሴ ገባሁ።

ያ አንቺ ልጅ ሆነሽ ዶሮ የሣልሽበት ሰማያዊ ደብተር የዚያ ዘመን ነው። ለምን እንደገረፍኩሽ አሁን ይገባሽ ይሆናል፤ ይቅር በዪኝ፣ ዶሮዋን ግን እስከ ዛሬ አልፋቅኋትም። ቀን ወፍጮ ቤት ኩንታል ስሸከም ውዬ፣ ማታ በኩራዝ ገጹን መሐል ለመሐል አጥፌ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን እጽፍ ነበር። በማግስቱ ቀኙን ሸፍኜ ግራውን አነባለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ግራውን ሸፍኜ ከአማርኛው ተነሥቼ እጽፋለሁ። በቀን አሥር ቃል፣ ከዚያ አይበልጥም። መዝገበ ቃላቴ ከ«ቲ» በኋላ ያለው ገጽ ተቀዶ ስለነበር፣ የቀሩትን ቃላት እየሰበሰብኩ ቅዳሜ ሸዋ በር የሚኖሩ አንድ መምህር ዘንድ እሄዳለሁ። እንቁላል ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ እሳቸው ቡና አጠጥተው ይመልሱልኛል።

ጆሮዬን የከፈተው ግን ራዲዮ ነው። የአሜሪካ ድምፅ «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የሚባል ፕሮግራም ነበረው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 የተጀመረ ነው፤ የሚጠቀመው 1,500 ያህል ቃላት ብቻ ነበር፣ አንባቢውም እንደ ሌላው ዜና አይሮጥም ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፌ፣ አንባቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲል ከኋላው ቶሎ እደግመው ነበር። ትርጉሙ ባይገባኝም እደግመዋለሁ። ከወራት በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እኛ አማርኛ ስንሰማ ጆሯችን መጨረሻውን ይጠብቃል፤ ማሰሪያው እዚያ ነው፣ «ስጥ» ይሁን «እንዳትሰጥ» የሚታወቀው ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ነው። እንግሊዝኛ እሺታውንና እምቢታውን ፊት ላይ ያስቀምጠዋል። ሰውየው አፉን እንደከፈተ «ዶንት» ብሎ ያልፋል፤ እኛ ገና መጨረሻውን ስንጠብቅ ነገሩ አልቋል። ኮረም ላይ ያመለጠኝ ይኸ ነው። ሰው ሲናገርሽ መጀመሪያውን ስሚ። መጀመሪያው ካመለጠሽ የቀረውን እየገመትሽ አትከተዪ፤ «ፕሊስ፣ ሰይ ኢት አጌን» በይ። ያልገባሽን «የስ» አትበይ።

በሦስተኛው ዓመት የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳልጠይቅ ማንበብ ቻልኩ። ግምጃ ቤት የቀጠሩኝም በዚያ ነው። አንቺን ያሳደገሽ እንጀራ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሻል፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምረሻል። ቃላቱን ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ግን በቃል ያጠናሽው ለፈተና ነው፤ አፍሽና ጆሮሽ አልተማሩም። ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው የአንቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ፣ አክስትሽ እንደምትለው፣ እንጀራው በአማርኛ ይገዛል፣ ፀጉሩ በአማርኛ ይሠራል፣ ቤተ ክርስቲያኑ የራሳችን ነው። ሌሊት ቢሮ ስታጸጂ የሚያናግርሽ የለም። እንዲህ ሆነሽ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ሠላሳም ሊያልፍ ይችላል። አገሩ በራሱ ጊዜ ያስተምረኛል ብለሽ አትጠብቂ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አጥኚ።

ደክሞሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ። እግርሽ ማበጡንም አክስትሽ ነግራኛለች፤ ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ንከሪው። ሰዓት አልጠይቅሽም። ከሥራ በፊት ሻይሽን ስትጠጪ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ቃላት በብዛት አታግበስብሺ፤ በዚያ ሳምንት ከምትሠሪው ሥራ ዓረፍተ ነገር አውጪ፦ ለአለቃሽ የምትዪውን፣ ፋርማሲ የምትጠይቂውን፣ ለቤት አከራይ የምትመልሺውን። ጮክ ብለሽ አንብቢ። በስልክሽ ቅጂውና የራስሽን ድምፅ መልሰሽ ስሚ፤ እኔ ይኸ መሣሪያ አልነበረኝም። «እስቶር» እያልሽ ከፊት «እ» አትጨምሪ፤ እኛ ሁላችን እንጨምራለን፣ ስትሰሚው ታውቂዋለሽ። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በነፃ የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ክበብ አለ ትላለች አክስትሽ። በሳምንት አንድ ቀን ሂጂ። ቤት ያጠናሽውን እዚያ አውጪው።

ሐኪም ቤት ግን አስተርጓሚ ጠይቂ። እንግሊዝኛ እየተማርሽም ጠይቂ። እኔ አፍሬ «የስ» አልኩ፤ አንቺ ደግሞ አፍረሽ «አያስፈልገኝም» አልሽ፤ አንድ ነው። እዚያ አገር ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ለእኛ ቋንቋ ተናጋሪ ያስተረጉማሉ። «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር፣ ፕሊስ»። ይኸንም ካርዱ ላይ ጨምሪው።

ለዜግነት ለማመልከት የሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ቀርቶሻል። እዚያ ለንባብና ለጽሕፈት የሚቀርብልሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ አንዱን በትክክል ማንበብ፤ ከሌላ ሦስት ደግሞ አንዱን ሲነግሩሽ መጻፍ። ይኸ አያስፈራሽም። የሚያስፈራኝ ጠያቂው ማመልከቻሽን ይዞ «እንዲህ አድርገሽ አታውቂም?» እያለ ሲጠይቅሽ ነው። ያ የሐኪሙ ጥያቄ ነው፣ ያው ራሱ። የሚያናግርሽ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ልጄ፣ ያልገባሽን «የስ» አትበይ፤ «ኖ»ም አትበይ።

በዚህ ወር ገንዘብ አትላኪ። ለሐኪም ቤቱ ክፍያ አስቀምጪው፣ ከተረፈሽም ጥሩ ጫማ ግዢበት። የቤቱን ካርታ ለማደስ ውክልና ስለሚያስፈልግ ኤምባሲ ስትሄጂ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሂጂ። በርበሬው ተፈጭቷል፤ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ከሽሮው ጋር ይላካል።

መልስሽን በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ። አንድ ገጽ ይበቃል። ያ ሌሊት እንዴት እንደነበር፣ ምን እንዳሉሽ፣ ምን እንዳልሽ፣ አንድም ሳትደብቂ ጻፊው። በስልክ በአማርኛ ልትነግሪኝ ከፈራሽ በእንግሊዝኛ ይቀልሽ ይሆናል። የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ወንድምሽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክልሻል።

እናትሽ ከማኅበር እየተመለሰች ነው፤ የአጥሩ በር ሲንቋቋ ሰማሁ። ወረቀቱን ሰማያዊው ደብተር ውስጥ ልደብቀው።

አባትሽ