ለሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ለተጠራችው ወዳጄ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን። ለሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ መጠራትሽን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ እንኳን ደስ ያለሽ! የሆዳችንን ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። አሁን የሚያስቸኩለው ዝግጅቱ ነውና ወደዚያው ልግባ።

ከሁሉ በፊት ምን ዓይነት ቃለ መጠይቅ እንደሚጠብቅሽ አጣሪ። አንዳንዱ ዘንድ ሁለት ሦስት ጠያቂዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያነጋግሩሻል። ሌላው ዘንድ ደግሞ ኤምኤምአይ (MMI) የሚባለው፣ ተከታታይ አጫጭር ቃለ መጠይቆች የሚደረጉበት ነው፤ ጣቢያ በሚባለው በየማቆሚያው ሌላ ፈታኝና ሌላ ጥያቄ አለ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ትሻገሪያለሽ። ይህን የጀመረው የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ጥናት ላይ ጣቢያዎቹ 10 ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ። ዛሬ ቁጥሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። የታሰበው የአንድ ፈታኝ ግምት ብቻውን ውጤቱን እንዳይወስን ነው። ስለዚህ አንዱ ቢበላሽብሽ እዚያው ጥለሽው ውጪ፤ የሚቀጥለው ፈታኝ የሆነውን አያውቅም።

ለሥነ ምግባር ጥያቄዎች ጊዜ ለመስጠት አትሰስቺ። ፈታኙ የሚመዝነው የደረስሽበትን ፍርድ ሳይሆን የሄድሽበትን መንገድ ነው። አንድ አዋቂ ታካሚ ሕይወቱን የሚያተርፍለትን ደም አልወስድም አለ እንበል። «ሕይወት ይቀድማልና ይሰጠው» ብሎ መቸኮልም፣ «መብቱ ነው» ብሎ መዝጋትም ያስጥላል። መጀመሪያ የመወሰን አቅም እንዳለው አጣሪ፦ የተነገረውን ተረድቷል? በአእምሮው ይዞታል? ጥቅሙንና ጉዳቱን ማመዛዘን፣ ውሳኔውንም መግለጽ ይችላል? ከዚያ ምክንያቱን ጠይቂ፣ ሌላ የሕክምና አማራጭ ካለ ንገሪው፣ ማንም እንዳላስገደደው አረጋግጪ። ይህ ሁሉ ከተሟላ ውሳኔው ይከበራል። ታካሚው ሕፃን ቢሆንና እምቢ ባዮቹ ወላጆቹ ቢሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ፈታኙም ይህንኑ አስከትሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። የታካሚ ራስን የመወሰን መብት፣ ለእሱ የሚበጀውን ማድረግ፣ አለመጉዳትና ፍትሕ የሚባሉትን አራት መርሖች እወቂያቸው፤ ነገር ግን ስማቸውን እንደ ውዳሴ አትድገሚ። በጉዳዩ ውስጥ የትኛው ከየትኛው እንደተጋጨ አሳዪ።

ተዋናይ የታካሚ ዘመድ ሆኖ የሚገባበት ጣቢያ ካለ፣ ለማጽናናት አትጣደፊ። አስቀድመሽ ምን እንደሚያውቅ ጠይቂው፣ ዜናውን በአጭር ዓረፍተ ነገር ንገሪው፣ ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይረዝምብሻል፤ ቢሆንም ታገሺው። «ስሜትህ ይገባኛል» ከማለት «ይህን መስማት በጣም ከባድ ነው» ማለት ይሻላል።

«ለምን ሐኪም?» መጠየቁ አይቀርም። መልስሽን ጻፊና «ሐኪም» የሚለውን አውጥተሽ «ነርስ» በዪበት። ዓረፍተ ነገሩ ሳይናጋ ከቆመ ጥያቄውን አልመለሰም። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለው የሚወድቀው በዚህ ነው። ምልክቶችን አገናኝቶ በሽታን መለየት፣ መረጃው ሳይሟላ ወስኖ ኃላፊነቱን መሸከም ነው የሚስብሽ? ያንን በዪ፣ በዓይንሽ ያየሽውንም ጥቀሺ። የሌላውን ሙያ ግን ዝቅ አታድርጊ፤ ነገ አብረሻቸው ነው የምትሠሪው።

ከሕይወትሽ ስድስት ወይም ሰባት ገጠመኞች ምረጪ፦ ያልተሳካ ነገር፣ ጠብ፣ የቡድን ሥራ፣ የተነገረሽ ነቀፌታ። ለእያንዳንዱ ሦስት አራት ቃል ብቻ በወረቀት ያዢ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሸመደድሽ ጥያቄው ትንሽ ዘወር ሲል የምትመልሺው ያልተጠየቅሽውን ይሆናል። ስትናገሪ ሁኔታውን ባጭሩ ጨርሺ፤ ሰፊውን ጊዜ አንቺ ላደረግሽው ስጪ። «እኛ» ብቻ የሚል መልስ ፈታኙ ላንቺ የሚሰጠውን ነጥብ ያሳጣዋል።

በማመልከቻሽ የጻፍሽውን እያንዳንዱን መስመር ዳግም አንብቢ፤ በምርምር ተሳትፌያለሁ ካልሽ ሙያው ለሌለው ሰው በአንድ ደቂቃ ማስረዳት መቻል አለብሽ።

ልምምዱ በአፍ ይሁን እንጂ በንባብ አይሁን። በስልክሽ ቅጂው፤ አንዱን መልስ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ አድርጊው፣ በማግስቱ አዳምጪው። አጥብቆ የሚጠይቅ፣ ሐሳብሽን የሚያቋርጥ ሰው ፈልጊ፤ የሚያሞግስሽ ብቻውን አይበቃም። ጥያቄ ሲከብድሽ «ጥቂት ላስብበት» ብለሽ አሥር ሴኮንድ መውሰድ ነውር የለውም። በኢንተርኔት ከሆነ ካሜራው ከዓይንሽ ትክክል፣ ብርሃኑ ከፊትሽ ይሁን።

ቀኑ ሲቆረጥ ጻፊልኝ፤ ከዚያ በፊት በስልክ እየጠየቅኩ አለማምድሻለሁ። ገጠመኞችሽን አስቀድመሽ አትላኪልኝ፤ ፈታኞቹም አያውቋቸውም።

ወዳጅሽ